ሁለት ወንበር ያላት መኪና

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ ያለምወርቅ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለው? ባለፈው በስልክ ስናወራ ድምፅሽ ታፍኖብሽ ነበር፤ የካርቱም አቧራ ነው ወይስ የደበቅሽኝ ነገር አለ? ምግብሽን በሰዓቱ ትበያለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጾሙ ገብቶ ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። ባለቤቴ ብዙወርቅ ደህና ናት፤ እኔም ከጉልበቴ በቀር ጤነኛ ነኝ።

የእድላዊትን የሠርግ ሲዲ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሰው ልኬልሻለሁ። ከማየትሽ በፊት ግን ይህን አንብቢ። አለዚያ ልጅሽን ቬሎ ለብሳ መሪ ጨብጣ ስታዪያት፣ እኔን ደግሞ መኪናው ውስጥ ስታጪኝ፣ አንድ ነገር ደርሶብናል ብለሽ ትደነግጫለሽ።

አሮጌዋን መኪናችንን፣ ጣሊያኗን፣ ሸጬ አዲሱን ሞዴል ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ እያልኩ ክረምቱን ሙሉ ስብሰለሰል እንደነበር ታውቂያለሽ። አባባ ካገር ከሚወጣው የፋብሪካ ኢንጂነር የገዛት፣ አንቺም ራስሽ የተዳርሽባት ክፍት መኪና ናትና፣ ሙሽራ እያመላለስኩ እንጀራዬን ባበስልባትም የእኔ ብቻ አይደለችም ብዬ ነው ያማከርኩሽ። አንቺም እድላዊት በእሷ ብትዳር ደስ እንደሚልሽ፣ ካስቸገረችኝ ግን እኔው እንድወስን ነገርሽኝ። አንድ አደራ ብቻ አከልሽ፤ እኔ ቆሜ ባልድራትም ቤተ ክርስቲያን እስክትደርስ ከእጅህ እንዳትወጣ አልሽኝ። እሺ አልኩሽ።

ያስወሰነኝ የኅዳሩ ሠርግ ነው። ሙሽሮቹን ከኋላ አስቀምጬ ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ ስወጣ ሞተሯ መንገድ መሀል ጠፋ። ሚዜዎቹ በሱፍ ልብሳቸው ገፉ። ከኋላችን የተሰለፉት የጭነት መኪኖች ክላክሳቸውን ሲያንባርቁብን፣ ጭሳቸው የሙሽራዋን ቬሎ አጠቆረው። የሙሽራው እናት በግፊ የተነሳ ትዳር ምን ይሆናል ብለው አለቀሱ፤ ዘመዱም ሁሉ ክፉ ገድ ነው አለ። እኔ በገድ አላምንም፤ በፍሪሲዮን አምናለሁ። ፍሪሲዮኗ ደግሞ አልቆ ነበር።

ደብረ ዘይት ካፌ ያለው አንድ ሰው ገዛት። አትክልቱ መሀል አቁሟታል አሉ፤ ሰው ተደግፏት ፎቶ ይነሳል። እየተጎተተች ስትወጣ ምን ተሰማህ ብትይኝ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ግቢ እየጠረግሁ ነበር። የተጠረገ ግቢ ነው ደግሜ የጠረግሁት።

አዲሷን ያመጣልኝ ጣሰው የሚባል ደላላ ነው። የዚያችው የጣሊያኗ ዘር፣ ግን የቅርብ ጊዜ ሞዴል፣ ነጭ። ጣራዋ እንደ ድሮዋ በእጅ አይጎተትም፤ ቁልፍ ሲጫኑት ራሱ ተጣጥፎ ከኋላ ይገባል። ሞተሩን አየሁ፣ ጎማውን አየሁ፣ ከሥር ተኝቼ ሻንሲውን አየሁ። ጣራው ሲከፈትና ሲዘጋ ግን እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ተዋዋልኩ፣ ተፈራረምኩ፣ ግቢ አስገባሁ። ጎረቤታችን እማማ ሐጀራ እንኳን ደስ አለህ ሊሉ መጡና መርቀው ሲያበቁ፣ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩዋትና፣ ሙሽራው የት ሊቀመጥ ነው ብለው ጠየቁኝ።

ወንበሩ ሁለት ነው፣ እትዬ። አንዱ የሹፌሩ ነው። በጣሊያኗ ከኋላ ጠባብ መቀመጫ ነበረች፤ አንቺም ከባልሽ ጋር፣ ነፍሱን ይማርና፣ ተጣብባችሁ የተቀመጣችሁባት። በአዲሷ እዚያ ቦታ የሚገባው ጣራው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሙሽራ ሳመላልስ የኖርኩ ሰው፣ ሙሽሮች ሁለት መሆናቸውን ዘንግቼ መኪና ገዛሁ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ማለት ይኸው ነው። ብዙወርቅ እስካሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወራዋለች።

ከዚያ ምክር ተጀመረ። ሙሽራው ፊሮምሳ ይንዳ ቢባል መሪ ጨብጦ አያውቅም። አንደኛ ሚዜው ኦልጅራ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እሱ ቢነዳም ያው ሦስተኛ ሰው ነው። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር በሚኒባስ ይከተል ያለም ነበር፤ ብዙወርቅ ሙሽራና ሙሽሪት በየመኪናው ሲሄዱ የት ታይቷል ብላ ተቆጣች። ሌላ መኪና እንከራይ ስል ደግሞ እድላዊት በሰው መኪና አልዳርም አለች። መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ በጣሊያኗ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ እኔው እነዳለሁ ብላ ቁጭ አለች።

የፊሮምሳ አባት ይህን ሲሰሙ ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጡ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ። ሙሽራ አንገቷን ደፍታ በሰው እጅ ትሄዳለች እንጂ ማርሽ እየቀየረች አትሄድም አሉ። እውነት ለመናገር እኔም በሆዴ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። ያንቺ አደራ አለብኝ፣ ልጅቷን ከእጄ አውጥቼ ምን ልልሽ ነው እያልኩ ነበር። ደግሞም ልዋሽሽ አልፈልግም፤ የሰው ልጅ ሁሉ በኔ ነጂነት ተድሮ እንደ ልጄ ያሳደግኳት ስትዳር ቦታ ማጣቴ ቆጨኝ። በመጨረሻ ፊሮምሳ ነው የገላገለን። እኔ ደስ ይለኛል አለ። ሽማግሌዎቹም ቀስ ብላ ትንዳ፣ የጭነት መኪና የሚበዛበትን መንገድ እስክታልፍ ጣራው ይዘጋ ብለው ተስማሙ።

በሠርጉ ጠዋት ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። እሷ ጫማዋን አውልቃ ለፊሮምሳ አስያዘችና በባዶ እግሯ ነዳች፤ ሲዲው ላይ ይታያል። እኔ በሚኒባሱ መስኮት አንገቴን አስወጥቼ ነጩን ጣራ እስከ ሳሪስ አቦ በዓይኔ ስከተል ነበር። ፍሪሲዮኑን አንድ ጊዜ እንኳ አላስጮኸችም። ከእጄ ወጥታለች፣ እትዬ። በእጄ ካስተማርኳት ነገር ግን አልወጣችም፤ አደራውን እንደጠበቅሁ ቁጠሪልኝ።

በመልሱ ዕለት ጣራውን ከፍተው መጡ። ፊሮምሳ ደጅ ላይ ወረደና ቦታውን ለእኔ ለቀቀ። እድላዊት እስከ አቃቂ ድልድይ ወስዳ መለሰችኝ። ስንመለስ መኪናዋን አቁማ፣ እማዬ እዚህ ብትቀመጥ አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ሰፈሩ ለሠርግ ሥራ አትሆንም ብሎ ፈርዶባታል፤ እስካሁን የጠየቁኝ መንዳት የሚችሉ ሙሽሮች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ብዙ አይደሉም። ጣሰው መልሼ ልሽጥልህ ይለኛል። አልሸጥም ብዬዋለሁ።

አብራሽ ለምትኖረው ለማህሌት ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ስላንቺ ስለምታስብልን እግዜር ይስጣት። ብዙወርቅ አጥብቃ ትስምሻለች፤ በርበሬውን ከሲዲው ጋር ልካለች። እማማ ሐጀራ ሰላም ብለውሻል፤ ለወገብሽ ዱዓ እያደረጉ ነው። ፊሮምሳ እጅ ነስቷል። እድላዊት ለብቻዋ እጽፋለሁ ስላለች የእሷን ሰላምታ አልወስድባትም።

የመኖሪያ ወረቀትሽ ነገር አልቆ ስትመጪ ኤርፖርት የምትቀበልሽ እድላዊት ናት፤ ብቻዋን። ወንበሩ ሁለት ነው። እኔ በሚኒባስ እከተላችኋለሁ።

ወንድምሽ ገብረጻድቅ ወልደገብርኤል
አቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 14 ቀን 1999 ዓ.ም.