ጣሪያ ላይ ያበጠው ባትሪ

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9። መንፉሐ፣ ሪያድ።

የጠዋቱ ቆጠራ፦ ደህና ባትሪ ሦስት፣ ያበጠ አንድ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ወሎ እንደለመድኩት ከሶላሩ ጎን ጣሪያ ላይ ትቻቸው የሪያድ ፀሐይ አንዱን ቀቀለችው።

የሕንፃው ጠባቂ አይቶ ሳቀ። የሥጋ ሱቄን እንድለቅ ብሎ በየቀኑ ቀትር ላይ መብራቴን የሚያጠፋብኝ እሱ ነው።

«ኸላስ፣ በቃ ሐሰን፣ ፍሪዘርህን ሽጥና አገርህ ግባ!»

«ያላ፣ በል ዛሬም አጥፋው» አልኩት።

ሦስቱን አውርጄ ከባንኮኒው ሥር ጥላ ውስጥ ቀጠልኳቸው። ቀትር ላይ አጠፋው። ፍሪዘሩ ማጉረምረሙን አላቆመም። ጠባቂው ደጋግሞ ብቅ እያለ ሥጋው መቅለጥ አለመቅለጡን ሲያይ ዋለ። በመጨረሻ ከዚያው ፍሪዘር ቀዝቃዛ ውሃ አውጥቼ ሰጠሁት። ተቀብሎ ጠጣ።

መብራቱን የሚመልሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ባትሪዎቹ ግን አሥር ሰዓት ላይ አለቁ። የአንድ ሰዓት ጉድለት አለ።

ነገ በጠዋት ፉጣ ገበያ ሄጄ አራተኛ ባትሪ መግዛት።