በመጋዘን በር የተሰማ ፍቺ

ጥቅምት 5
ገበያው ደህና። መጋረጃ የምትፈልግ አንዲት ሴት ግማሽ ቀን ወሰደችብኝ። «ጨርቁ ሲታጠብ ይጠባል?» ትላለች። «እኔም ስታጠብ እጠባለሁ፣ ጨርቁ ምን ያድርግ!» አልኳት። ሳቀች፣ ገዛች።

ጨርቅ የሚያመጣልኝ ጅምላ አከፋፋይ ጎራ አለ። ሴት ልጁ ለትዳር መድረሷን አነሳ። ዓይኑ ያለው ታናሽ ወንድሜ ላይ ነው። «ባለትዳር ነው እኮ» አልኩት። «ከክርስቲያን ጋር? እሱም ትዳር ሆኖ!» አለ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ወሰደው። እኔስ እንደ ምን ወሰድኩት?

ጥቅምት 9
ከሥጋ ሻጩ አጎቴ ጋር መከርን። ወንድሜን ያሳደግኩት እኔ፣ ሱቅ ያስገባሁት እኔ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፣ ማሽኗን እኔው ሱቅ ደጃፍ ዘርግታ ትሠራለች። ክፉ አይደለችም። ግን ሐራም ነው። አጎቴም ሐራም ነው አለ። ሼሁን እንጠይቅ ያለ የለም... እኔም አላልኩም።

ጥቅምት 12
ሆነ። ወንድሜ ጣቃ ሊያወጣ መጋዘን ሲገባ ቆለፍኩበት።

«እትዬ፣ ቀልድ ነው?» አለ ከውስጥ። አጎቴ በሩን በቡጢ እየነረተ «ፍታት! አለዚያ ሰርቆናል እንላለን፣ የምትወጣው ከፖሊስ ጋር ነው!» አለው። ጠዋት ገባ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆየ። በመጨረሻ «ፈትቻታለሁ» አለ። አጎቴ ሊከፍት ሲል እጁን ያዝኩት። አንዴ ብቻ ካለ ነገ ይመልሳታል፣ ሦስት ጊዜ ካለ ግን አይችልም። መመለሻ ያለው ሽያጭ ሽያጭ አይደለም። «ሦስቱንም በል» አልኩት።

አለ።

ማሽኗን በጋሪ አስጭኜ ላኩላት።

ጥቅምት 20
ወንድሜ እኔ ዘንድ ያድራል። ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ያጥፋል። ምግብ ሳቀርብለት «በልቻለሁ» ይላል። የት? የጎረቤት ጫማ ሻጭ «ሂድና እያት እንጂ» ሲለው ሰማሁ። «ሐራም ሆነችብኝ» አለው። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ኅዳር 2
ልብስ ሰፊዋ መጣች፣ የቀረ መቀሷን ልትወስድ። «ጥፋትሽ ሃይማኖትሽ ነው ተባልኩ። እትዬ፣ ታመው የተኙ ጊዜ የመስገጃ ምንጣፍዎን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ያኔ አልረከሰም?»

ደንበኛ ቆሞ ነበር። ወደ እሱ ዞሬ «ምን ልቁረጥልህ?» አልኩ። መቀሷን ይዛ ወጣች።

ስሰግድ የሳሙና ሽታ መጣብኝ። ስንት ወሩ... ሊሸት ይችላል?

ኅዳር 6
የአዲሱን ጋብቻ የኒካሕ ቀን ልቆርጥ ሼሁ ዘንድ ሄድኩ። «የመጀመሪያዋስ?» አሉ።
«ክርስቲያን ነበረች፣ ስለማይፈቀድ ፈታት።»
«አይፈቀድም ያለሽ ማን ነው፣ ልጄ? ሙስሊም ሴት ክርስቲያን አታገባም። ወንዱ ግን ከመጽሐፉ ባለቤቶች፣ ከክርስቲያንም ከአይሁድም፣ ጨዋዪቱን ማግባት ተፈቅዶለታል። በፈቃዱ ነው የፈታት?»
«በፈቃዱ።»

ውሸቱ እንዴት ቀለለኝ! በሜትር ሰው አታልዬ አላውቅም። ለጨርቅ ያልዋሸሁትን ለዚህ...

ኅዳር 7
አንድ ደንበኛ ሦስት ሜትር አለኝ። ሳላውቀው ሁለት ቆረጥኩ።

ኅዳር 9
ተመልሼ ሄድኩ፣ ወንድሜንና አጎቴን ይዤ። አጎቴ መንገዱን ሁሉ «የተዳፈነ እሳት ለምን ትቆሰቁሻለሽ?» ይላል። ሼሁ ፊት ስንቀመጥ «ዋሽቼዎታለሁ። መጋዘን ቆልፌበት፣ በፖሊስ አስፈራርተነው ነው። ሦስቱንም ያስባልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። አጎቴ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ዛቻው የምር መስሎህ ነበር?» አሉት ወንድሜን።
«እሷ ያለችውን ታደርጋለች። አውቃታለሁ።»

ለካስ እንዲህ ነው የሚያውቀኝ።

ሼሁ አሰቡና «ቃሉ ካፍ ከወጣ ይጸናል የሚሉ ሊቃውንት አሉ» አሉ። «እኛ የምንከተለው ግን የተገደደ ሰው ፍቺ አይቆጠርም የሚለውን ነው። አንቺ ነጋዴ ነሽ። አንገቱን ታንቆ የሸጠ፣ ሸጠ ይባላል?»
«አይባልም።»
«እንግዲያው አልፈታም። ሚስቱ ናት፤ አንድም ቀን ሚስቱ ሳትሆን አልዋለችም።»

ወንድሜ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ቤቴ መግባት እችላለሁ?» መልሱን ሰምቶ፣ ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ወጣ።

ኅዳር 15
ከጅምላ አከፋፋዩ የሚመጣው ጨርቅ አልመጣም። አይመጣም።

ታኅሣሥ 4
ወንድሜ ወደ ሥራ ተመለሰ። «ሚስቴ ናት ሂድ ያለችኝ» አለ፣ ምስጋናው ወደኔ እንዳይዞር። እሷ ማሽኗን ሌላ ሰው ደጃፍ ዘርግታለች። እሱም መጋዘን አይገባም። ጣቃ የማወጣው እኔ ነኝ... ወገቤ!

ታኅሣሥ 11
መጋዘን ውስጥ እያለሁ ነፋስ በሩን ገፍቶ ዘጋው። ከውስጥ አይከፈትም። ጨለማ፣ የጨርቅ አቧራ። ልጣራ ብዬ ተውኩት። በምን አፌ? ጣቃ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ከዚህ ሆኖ ነው «ቀልድ ነው?» ያለኝ።

በሩ ተከፈተ። ወንድሜ ነው። ደፉን አልረገጠም። ትልቅ ድንጋይ አምጥቶ በሩን አስደገፈበት፣ ወደ ደንበኛው ተመለሰ።

ሱቅ ስንዘጋ ድንጋዩን ላነሳ አጎነበስኩ። ተውኩት። መጋዘኑ ዛሬ ሳይቆለፍ ያድራል።