የፋቅኋቸው ምልክቶች

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሰው ፊት «አንቱ» ስልህ ኖሬ፣ ብራናው ላይ አብረን ስናቀረቅር ብቻ «አንተ» እልህ ነበር፤ ዛሬም የምጽፍልህ እዚያው መስኮት ሥር ተቀምጬ ስለሆነ እንደዚያው ልጥራህ። እንደምን ነህ ብዬ ግን አልጠይቅህም። መልስህ የሚደርሰኝ አይደለም፤ ደግሞም እኔ የያዝሁት ወሬ ደህና ወሬ አይደለም።

ከቤቱ ልጀምር። እማዬን ወንድሜ ዳባት ወስዷታል። የደባርቅ ብርድ ለጉልበቴ አልሆነም ብላ ነው የሄደችው፤ እውነቱን ለመናገር ያልሆነላት ባዶው መደብህ ነው። ተማሪዎችህ እስከ አርባህ ቆይተው ተበተኑ። አንዱ ሳንቃ በር ላይ የቱሪስት በቅሎ ይነዳል አሉ፣ የሌሎቹን አላውቅም። ጎጆዎቻቸው ፈርሰው ጎረቤት እንጨቱን አጥር አድርጎታል። ብራና የምትወጥርበት እንጨት ጓሮ እንደቆመ አለ፤ ልብስ አሰጣበታለሁ። አትቆጣኝ።

አሁን ወደ ጾመ ድጓው። ለደብራችን የዐቢይ ጾምን ዜማ ሙሉ መጽሐፍ በብራና ልትጽፍ ስትነሳ፣ እጅህ መንቀጥቀጥ የጀመረበት ዓመት ነበር። ቃሉን አንተው ጻፍኸው፤ ትልልቁ ፊደል ትንሽ መንቀጥቀጥ ይችላል። የዜማው ምልክት ግን አይችልም። በሁለት መስመር መካከል በተተወች ጠባብ ቦታ፣ ከፊደሉ አናት ላይ በቀጭን የመቃ ብዕር የሚቀመጥ ነው፤ ጥቂት ሸሸት ካለ የሌላ ፊደል ይሆናል፣ አጎነባበሱ ከተሳሳተ ድፋት የተባለው ምልክት ቅናት የተባለው ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ መቃውን ለእኔ ሰጠኸኝ። ለሴት ልጅ ድጓ ማን ያስተምራል ብለው ሲያሙህ፣ እኔ መቼ አስተማርኋት፣ እጇን ተዋስሁ እንጂ ትላቸው ነበር።

እውነትህን ነው፣ አላስተማርኸኝም። ጠዋት ጠዋት አንዱን ሐረግ ታዜማለህ፤ ከዚያ ቆም ትልና ጣትህን ፊደሉ ላይ አሳርፈህ ጭረት፣ ይዘት፣ ርክርክ እያልህ የምልክቱን ስም ትነግረኛለህ። እኔ እጽፋለሁ። ርክርክ የጌታ ደም ነጠብጣብ ነው ያልኸኝ ቀን ነጥቦቹን ስደረድር እጄ ፈርቶ ነበር። ኋላ ለመድሁት። አንዳንዱ ቦታ ላይ ስንደርስ፣ ይህችን ተያት፣ ባዶ ትቆይ ትለኛለህ። ደክሞህ ይመስለኝ ነበር።

የዝንቧን ነገር መቼም አትረሳም። ይዘት ነጥብ ናት፤ ዝንብም ብራና ላይ የምትተወው ያው ነጥብ ነው። ያ ረጅሙ ተማሪህ ፊትህ ሲያዜም ምንም ምልክት የሌለበት ፊደል ላይ ደርሶ ድምፁን ይዞ ቀረ። እስኪጠቁር ያዘ። አንተ ሳቁ ቢያሸንፍህ የጋቢህን ጫፍ አፍህ ውስጥ ከተትህ። በማግስቱ መፋቅ አስተማርኸኝ። ካራውን ጋደም አድርጎ በስሱ መላግ፣ ከዚያ አዲሱ ቀለም እንዳይፈስ በለስላሳ ጠጠር ማሸት። የተፋቀበት ቦታ መታወቅ የለበትም አልኸኝ። በሕይወቴ አንደኛ የወጣሁበት ትምህርት እሱ ብቻ ነው።

በመጨረሻው ክረምት አልጋ ስትይዝ ሥራው የቆመ መስሎኝ ነበር። ለካ እኔ ገበያ ስወጣ መጽሐፉን እማዬ ታቀብልህ ኖሯል። ለጸሎት መስሏታል፤ መቃና ቀለም እንደሆነ ከራስጌህ ጠፍቶ አያውቅም። ከቀብርህ በኋላ ስገልጠው፣ ከምኩራብ እስከ ኒቆዲሞስ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ባዶ ያስተውኸኝ ቦታ ሁሉ ተሞልቶ አገኘሁት። ምልክቶቹ ዘመዋል፣ ተንቀጥቅጠዋል፣ አንዳንዱ ከላይኛው መስመር ጋር ተላትሟል። ከጎንደር ያስመጣሁትን የታተመውን ጾመ ድጓ አምጥቼ ሳስተያይ አይገጥምም። እሱ የሂደት ምልክት ባደረገበት አንተ የቁርጥ አድርገሃል፤ እሱ ዝም ባለበት አንተ ሦስት ምልክት ደራርበሃል።

ተቀምጬ አለቀስሁ። አእምሮህ ደክሞ የሠራኸው መሰለኝ። ሰው እንዲስቅብህ አልፈለግሁም፤ ያን ያህል ዘመን ድጓ ያስተማረ መሪጌታ መጨረሻው ይህ ሆነ እንዲሉ አልፈለግሁም። ለሙት ዓመትህ ንጹሕ ሆኖ ለደብሩ ይግባ ብዬ ካራውን አነሳሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ዘጠኝ ቅጠል በአራት ቀን ጨረስሁ። የታተመውን እያየሁ በፋቅሁበት ላይ ጻፍሁ፣ እጄም እንደዚያ አምሮ አያውቅም።

በሙት ዓመትህ ቀን ወዳጅህ መሪጌታ ላቀው ከዳባት በሚኒባስ መጡ። ገና እህል ሳይቀምሱ መጽሐፉን አሳዩኝ አሉ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ገለጡ፣ ጥቂት አዜሙና ቆሙ። እንደገና ከላይ ጀመሩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «እንዴ፣ ይህን ማን ነካው፣ ልጄ?» አሉኝ።

ሁሉንም ያወቅሁት ያኔ ነው። አምቢኮ መንደር ያስተማሩህ ዓይነ ስውሩ የኔታ የጾሙን ዜማ ከማንም ለየት አድርገው ያወርዱት እንደነበር፣ ከተማሪዎቻቸውም በሕይወት የቀረኸው አንተ ብቻ እንደነበርህ፣ ይህን ዜማ በሌላ ሰው እጅ እንዳታስጽፍ ቃል አስገብተውህ እንደነበር። አንተም ለመሪጌታ ላቀው፣ ጾመ ድጓው ላይ አስፍሬዋለሁና ስሞት መጥተህ ተማረው ብለህ ልከህላቸው ኖሯል። እሳቸው የመጡት ሊማሩ ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው።

ቅጠሉን አንድ በአንድ ለፀሐይ አንስተን አየን። በጥፍራቸው ዳሰሱት፣ ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አጋደሉት። የታየ ነገር የለም። በደንብ አስተምረኸኝ ነበራ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መጽሐፉን ከድነው ተሳለሙት፣ እህሉንም ሳይቀምሱ ወደ ዳባት ተመለሱ።

ለምን አልነገርኸኝም? ይህን ዓመቱን ሙሉ ጠየቅሁህ። አንዳንድ ቀን እናደድብሃለሁ። እጇን ተዋስሁ ብለህ እጅ ብቻ አድርገኸኝ ሄድህ፤ እጅ ደግሞ የታዘዘውን ይሠራል እንጂ ምን ያውቃል። ወዲያው እመለስና ራሴን እረግማለሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እያልህ በሌላው ስትተርት አብሬህ እስቅ ነበር። ማን ፋቂ አለኝ?

ልደብቅህ አልችልም፣ አባዬ፤ ዜማውን ላስታውሰው ሞክሬያለሁ። አንተ አልጋ ላይ ሆነህም ያንን ዜማ ታንጎራጉረው ነበር፤ እኔ እዚያው ቤት ውስጥ ነበርሁ። ግን ጆሮዬ ለዓመታት የለመደው የምልክቱን ስም መጠበቅ ነው። አንተ ስታዜም፣ አሁን ጭረት ይለኛል፣ አሁን ይዘት ይለኛል እያልሁ ዜማውን አሳልፈው ነበር። ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን ድምፅህ ቁልጭ ብሎ ይመጣልኛል። ጭረት ይለኛል። ይዘት ይለኛል። ከዚያ በፊት ያለው የለም።

በዘንድሮው ጾም ካህናቱ ካንተ መጽሐፍ አዜሙ። እኔ በሴቶች በኩል ቆሜ ነበር። ምኩራብም አለፈ፣ መጻጉዕም አለፈ፤ ያ ዘጠኝ ቅጠል በየሳምንቱ ሲገለጥ ነጠላዬን ወደ ፊቴ እስባለሁ። የኒቆዲሞስ እሑድ ከጎኔ የቆሙት እናት እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ «የመሪጌታ ዜማ፣ አፈር ይቅለላቸው» አሉ። ሌሎችም አለቀሱ። ለአንተ ነው ያለቀሱት፤ የተዜመው ግን የታተመው ነው፣ የትም አገር ያለው። አፌን ከፍቼ ልነግራቸው ነበር፣ አቃተኝ። መሪጌታ ላቀውም ለማንም አልተናገሩም። ደብሩ ያንተን ዜማ እንደያዘ ያምናል።

ከዚያ ወዲህ መቃ አልያዝሁም። ካራውን ለጎረቤት ሰጠሁት፣ ሽንኩርት ይክተፉበት።

አልረሳህም፤ ሌላ የምሰጥህ የለኝምና ይህንኑ ቃል እሰጥሃለሁ። ጾም በገባ ቁጥር ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እቆማለሁ፣ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። እኔ እስካለሁ ድረስ፣ ይህ የአባቴ ዜማ እንዳልሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው እዚያ ይኖራል። የአንተ የትኛው እንደነበር ግን እኔም አላውቅም።

ልጅህ