የአበራሽ ፋሻ

ኅዳር 3 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ሦስተኛው የግሉኮስ ጠርሙስ ተሰቅሏል። ጠብታው ደህና ነው። ለሩብ ሰዓት ቁጭ ብያለሁ ደብተሬ፣ እግሬ አብጧል።

አበራሽ ዛሬም ምንም አልቀመሰችም። አንጀቷ ከተሰፋ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ዕድሜዋ አሥራ ስምንት፣ ክብደቷ የሕፃን። የክንዷ ደም ሥር በመርፌ ብዛት ስላለቀ ፈረንጁ ዶ/ር ከአንገቷ ግርጌ፣ ከአጥንቱ ሥር፣ ረጅም ቀጭን ቱቦ አስገባላት። ጫፉ ልብ አጠገብ ካለው ትልቁ ደም ሥር ይደርሳል። በዚህ ዋርድ እንዲህ ያለ ቱቦ አይተን አናውቅም።

ዶ/ሩ ሕግ አወጣ። እጅ በሳሙና ይታጠብ። አዮዲን ይቀባ። ቁስል መሸፈኛው ጎዝ የተቀቀለ ብቻ ይሁን። ፋሻው በየጧቱ ይቀየር፣ ውሃ አይንካው። ከእኔና ቁስል ከሚያሽገው ድሬሰር ከአቶ ተሰማ በቀር ማንም አይጠጋው። ለአቶ ተ. የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ። ኮራሁ፣ አልዋሽሽም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ቢረጥብ ምን ይሆናል? አይረጥብም ብዬ ዘጋኋቸው። አላውቀውም ነበር እኮ። ሕጉን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዣለሁ፣ ምክንያቱን ግን አልጠየቅሁም። ዲፕሎማ ያላት ሲስተር ስትጠይቅ ምን ትባላለች?

ኅዳር 6፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል

ቁስቋም ነበረች ዛሬ። ጽጌን ሙሉውን ጾሜ በንግሡ ቀን ተረኛ ሆንኩ። ከጧት ጀምሮ ከፍቶኛል።

ስድስት ሰዓት ላይ የአበራሽ እናት እማማ ድንቅነሽ ከቤተ ክርስቲያን መጡ። ነጠላቸው አቧራ ለብሷል፣ በእጃቸው ጠበል በጠርሙስ። ቱቦው የገባበት ላይ ጠብ ላድርግላት ብለው ለመኑኝ። አይሆንም አልኩ። ደገሙኝ። አይሆንም አልኩ። በሦስተኛው «አንቺም እኮ የማርያም ልጅ ነሽ። የእኔስ እግር ደርሶ መጣ፣ የልጄ በምን ይድረስ?» አሉኝ።

በቃ፣ ተሸነፍኩ። የእኔም እግር አልደረሰም። ፕላስተሩን በአንድ ጎኑ አነሳሁት፣ በገዛ እጄ፣ እጄንም ሳልታጠብ። እማማ በስመ አብ ብለው አፈሰሱት። ጎዙ ራሰ። አበራሽ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች።

የተቀቀለው ጎዝ ያለበት ቆርቆሮ ተቆልፏል። ቁልፉ አቶ ተ. ዘንድ ነው፣ እሳቸው ምሳ ወጥተዋል። ሲመለሱ እቀይራለሁ ብዬ ፕላስተሩን መልሼ ለጠፍኩት። ወዲያው መኪና የገጫቸው ሁለት ሰዎች መጡ። ከዚያ ሌላ ሥራ፣ ከዚያ ሌላ። ረሳሁት።

ቻርቱ ላይ ግን «ፋሻው ደረቅና ንጹሕ» ይላል፣ ፊርማዬ አለበት። የጻፍኩት ጧት 2 ሰዓት ነው። ሁላችንም እንዲሁ ነን፤ ከሰዓት ፋታ የለም እያልን የቀኑን ቻርት ጧት እንሞላለን።

ነገሩ ትዝ ያለኝ ቀጨኔ ዳገት ላይ፣ ቤቴ ልደርስ ስል ነው። ቆምኩ። ልመለስ? ነገ ጧት አቶ ተ. ይቀይሩታል። ደግሞስ የማርያም ጠበል ምን ያደርጋታል። እያልኩ ገባሁ።

ኅዳር 7፣ ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

አቶ ተ. ፋሻውን ቀየሩ። እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሲስተር፣ ይሄ ውሃ ከየት መጣ አሉኝ። ላብ ይሆናል አልኩ። በኅዳር ውርጭ ላብ። ቀና ብለው አዩኝ፣ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሙቀቷ 37.4። ደህና ነች። ደህና ነች መሰለኝ።

ኅዳር 8፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ጧት አንቀጠቀጣት። አልጋው እስኪንጓጓ። 39.8። ቱቦው የገባበት ቦታ ቀልቷል፣ ሲጫኑት መግል ይወጣዋል። ዶ/ሩ ቱቦውን ነቀለው። መርፌ ታዘዘላት።

ከዚያ ቻርቱን አነሳ። ማክሰኞ፦ ደረቅና ንጹሕ፣ የእኔ ፊርማ። ረቡዕ፦ ተቀይሯል፣ የአቶ ተ. ፊርማ። ተማሪ ቤት ያልገባ እጅ የሠራው ነው አለ። ንገሪው አለኝ። ነገርኳቸው፣ አንድም ሳላስቀር።

አቶ ተ. ድምፃቸውን አላነሱም። «እጄን እንደታዘዝኩት ታጥቤአለሁ። ፋሻው ግን ሳገኘው እርጥብ ነበር፣ ሲስተርም ታውቃለች» አሉ።

ዶ/ሩ ወደ እኔ ዞረ። እጁን ታጥቧል ይላል፣ አልኩት።

ይኸው ነው ደብተሬ። ሌላውን ዋጥኩት።

ኅዳር 9፣ ዓርብ

39.4። አይኗን አትገልጥም።

አቶ ተ. ከዋርዱ ወጥተው ልብስ ማጠቢያ ገብተዋል። ሰኞ የስንብት ደብዳቤ ይሰጣቸዋል ተብሏል። ሃያ ዓመት እዚህ ሠርተው። ከተማሪ ቤት ስመጣ የማላውቀውን ስፌት መፍታት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ለማንም ሳያወሩ።

እማማ ድንቅነሽ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እስካሁን ያቆያት ያ ጠበል ነው፣ አንቺ ባትፈቅጂ ምን ይውጣት ነበር አሉኝ። ቀጥለው ያንን ድሬሰር ረገሙ፤ እጁ ይሰበር አሉ። በየአልጋው ያሉት አሜን አሉ። የእኔም ከንፈር የተነቃነቀ መሰለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?

እህል አልወርድ ብሎኛል።

ኅዳር 11፣ እሑድ፣ ከጧቱ 4 ሰዓት

ቀጨኔ መድኃኔዓለም ሄድኩ። ቅዳሴውን ከቅጽሩ ውጭ ቆሜ ጨረስኩ፣ መግባት አቃተኝ።

ስመለስ መታጠፊያው ላይ አቶ ተ. ከፊቴ ድቅን አሉ። ልሸሽ ነበር፣ መንገዱ ጠባብ ነው። ከሰላምታው በፊት ትኩሳቷ ስንት ገባ አሉኝ። ትናንት ማታ 38.6 ነበር አልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ይህን ሲሉ የምገባበት ጠፋኝ።

አፌን ስከፍት በእጃቸው አቆሙኝ። «ሃያ ዓመት ፈረንጅ ሲናገር ሰምቻለሁ። መናገሩ አልሆንልኝም እንጂ እሰማለሁ። እርጥብ የሚለውን ቃል በቋንቋቸው አውቀዋለሁ። ሐሙስ ዕለት ካንቺ አፍ አልሰማሁትም» አሉ።

ታዲያ ለምን ዝም አሉ አልኳቸው። አንቺው እስክትዪው ስጠብቅ ነው አሉ። ባርኔጣቸውን አስተካክለው ቁልቁል ወረዱ። አልተቆጡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቢረጥብ ምን ይሆናል ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አሁን አወቅሁት።

ኅዳር 12፣ ሰኞ፣ ከጧቱ 2 ሰዓት

ኅዳር ሲታጠን። ጉለሌ በሙሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ነው። የዋርዱን መስኮት ሁሉ ዘጋሁ፣ ጭሱ ግን ይገባል። ሁሉም ያስላል።

37.9። አበራሽ ሁለት ማንኪያ አጥሚት ዋጠች። ማሪኝ ልላት ፈለግሁ፣ እንቅልፍ ወሰዳት።

ለእማማ ድንቅነሽ ነገርኳቸው። ጥፋቱ የጠበሉ አይደለም አልኳቸው። እጄን ሳልታጠብ የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ እርጥቡን ጎዝ ትቼባት የሄድኩ እኔ ነኝ፣ ሰውየው ንጹሕ ናቸው አልኩ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ሰውየውን ረገምኩት እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ። እስካሁን አላዩኝም።

የማክሰኞውን መስመር በቀይ ሰርዤ ከሥሩ «እርጥብ፣ ሳይቀየር ቀረ» ብዬ ፈርሜበታለሁ። ዲፕሎማዬን ይውሰዱት ካሉ ይውሰዱት። ፈርቻለሁ።

ዶ/ሩ መጣ። ደብዳቤውን ይዟል። አቶ ተ. በሩ ላይ ቆመዋል፣ ባርኔጣቸው በእጃቸው ነው። እንዳስተረጉም ይጠራኛል። ሲስተር እያለ ነው። ቻርቱ ብብቴ ሥር ነው።

መጀመሪያ የምናገራትን ቃል አቶ ተሰማ ያውቋታል።