ካሜራው የሰማው ንስሐ

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

የ10ኛ ሐን የፊዚክስ ፈተና እያረምኩ ነው። ሃያ ሦስተኛው ወረቀት ላይ መብራቱ ድርግም አለ። ሻማ ፍለጋ ተነሳሁ። በመስኮት ስመለከት የጎረቤት ቤት በርቷል። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። አንሙት ነው፤ ከጅጋ። እየተንከተከተ አየሽው ወይ ይለኛል። አምፖላችንን ያጠፋው እሱ ኖሯል፤ እዚያው ጅጋ ቁጭ ብሎ፣ በስልኩ።

ደብተሬ፣ ይህ ሰው ባሌ ነው። አርባ አራት ዓመቱ። በርበሬ ነጋዴ። ከቡሬ እስከ ሽንዲ ያለ ገበሬ ያከብረዋል። በርበሬውን አንዴ ጨበጥ አድርጎ እርጥበቱን ይነግርሻል። እንዲህ ያለ ሰው አዲስ አበባ ሦስት ቀን ሰንብቶ አንድ ካርቶን ሙሉ "ስማርት" ተሸክሞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሥራውም ወሬውም ስልኩ ነው።

የግድግዳውን ማብሪያ አጥፍቼ መልሼ ባበራው አምፖሉ በራ። በቃ፣ ይኸው ነው። አልነገርኩትም። ይደሰት።

ገና ሃያ ምናምን ወረቀት ይቀረኛል።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ከት/ቤት ስመለስ ሳሎኑ ሰው ሞልቶታል። የሰፈሩ አባወራ ጫማውን አውልቆ፣ ምንጣፍ ላይ ቆሞ፣ አንጋጦ አምፖል ያያል። አንሙት ስልኩን ነካ ሲያደርግ ቀይ። ነካ ሲያደርግ ሰማያዊ። "ዬ!" ይላሉ። ሽበት ያወጣ ሰው ለአምፖል "ዬ!" ሲል ማየት ያሳፍራል። ሁሉም ከየት ይገኛል ብሎ ጠየቀ። ምን ይሠራልኛል ብሎ የጠየቀ አንድም የለም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ያየሁትን አልጻፍኩልሽም። እኛ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ተቀምጠናል፤ ከራሳችን በላይ ያለው አምፖል ወይን ጠጅ ይሆናል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ደግሞ ወይን ጠጅ። እንደ ሠርግ ቤት። ማጥፊያው ያለው የሟች ልጅ ስልክ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና ከባሕር ዳር እየመጣ ነው። የግድግዳው ማብሪያ አያስፈልግም ተብሎ ተነቅሎ ተጥሏል። አልቃሿ ሳትቀር ቀና እያለች ታያለች። አንድ ሽማግሌ በመጨረሻ ወንበር ላይ ወጥተው፣ በጋቢያቸው ጠቅልለው ፈቱት።

መብራት በፈለገው ሰዓት በሚሄድበት፣ ዳታ ዛሬ ኖሮ ነገ በሚጠፋበት ከተማ! እኔ ግን ስናገር "አንቺ ደግሞ ምቀኛ" እባላለሁ።

ኅዳር 22፣ እሑድ

እማማ ደብሬ ከማንኩሳ መጡ። የአንሙት እናት። የልጃችንን ክፍል ሰጠናቸው፤ እሷ ባሕር ዳር ትምህርት ላይ ናት። እግራቸውን ሐኪም ሊያሳዩ ነው የመጡት። ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ለገና መቁረብ ይፈልጋሉ። ከዚያ በፊት ንስሐ መግባት አለባቸው። ሰባን አልፈዋል። "ከነሸክሜ አልሂድ ልጄ" አሉኝ። ምን ሸክም አላልኩም። አይጠየቅም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር አንድ ክፉ ቃል ያልወጣቸው አማት ናቸው። መቼም ከዚህ ቤት የምወደው ሰው ማን ነው ብትይኝ እሳቸው ናቸው።

አንሙት ደስ ያለው ግን ካሜራ ለመትከል ሰበብ ስላገኘ ነው። ሳሎን ግድግዳ ላይ እንቁላል የምታክል ነጭ ነገር ሰቀለ። የትም ብሆን እማን አያታለሁ፣ እሰማታለሁ ይላል። እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው እሱ አቀርቅሮ በስልኩ ያያቸዋል። እግርሽ እንዴት ነው አላላቸውም።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

የሳሎኑ በር ቁልፍ ተቀየረ። በጣት አሻራ የሚከፈት። በስልክም ይከፈታል። በቁልፍ መክፈት የደከመው ሰው ያለ ይመስል።

የእኔን ጣት ተቀበለ። የእማማን አልተቀበለም። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ ግራ፣ ቀኝ፤ አሥሩም ተሞከረ። አሻራቸው ጠፍቷል። ሃምሳ ዓመት አረም፣ አጨዳ፣ የወፍጮ መጅ ልጎታል። አንሙት እጃቸውን በጨርቅ ይወለውላል፣ ይጫናል፣ ይቆጣል።

ዛሬ ከት/ቤት ስመለስ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ለደጅ ወጥተው በሩ በራሱ ተቆልፎባቸዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ። "በሩ አላወቀኝም ልጄ" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ለአንሙት ነገርኩት። የእማ ጣት ችግር አለበት አለኝ። የእማ ጣት!

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ፣ 9 ሰዓት

በችኮላ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴን ይቅር በይኝ።

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ አባ ይርጋ መጡ፤ የእማማ የንስሐ አባት። ጸሎት አደረጉ፣ ጠበል ረጩ። ከዚያ እንደ ወጉ ቤቱን ለቀቅሁላቸው። ሰው ሲናዘዝ ሌላ ሰው አይቀመጥም። ድመቷን ሳይቀር አስወጣሁ። በሩን ገጠም አድርጌ ግቢው ጥግ ልብስ ማጠብ ጀመርኩ፤ ጆሮዬ እንዳይሰርቅ ሆን ብዬ ውሃውን እያንቦጫረቅሁ። ድመት ያስወጣሁት ሴት ካሜራውን ረሳሁ። የፊዚክስ መምህርት ነኝ፣ ደብተሬ። ሳቂብኝ።

ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ከውስጥ የአንሙት ጩኸት ሰማሁ። "እማ! ዝም በይ! ዝም በይ እኮ ነው የምልሽ!" አንሙት ግን በጠዋት ሽንዲ ሄዷል። ሮጬ ገባሁ። አባ ይርጋ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። እማማ ወለሉ ላይ እንደተንበረከኩ ግራ ቀኝ ያያሉ። ልጄ ከየት ነው የሚጮኸው ይላሉ። ያ እንቁላል ሰማያዊ መብራቱን ያበራል። ገመዱን መነጨቅሁት።

አባ ይርጋ ከኃጢአት ሳይፈቷቸው ሄዱ። ንስሐው መሃል ላይ ቀረ። እማማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ማን ሰማ? አላውቅም አልኩ። የምሬን ነው፣ አላወቅሁም ነበር።

ያው ቀን፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

አሁን አወቅሁ። አንሙት ተመለሰ፤ ላብ በላብ።

ሽንዲ ከበርበሬ ነጋዴዎች ጋር ምሳ ላይ ነበር። ስልኩ ቤትህ ውስጥ እንቅስቃሴ አለ ብሎ ጮኸ። ጉራውን ሊነዛ ስልኩን ውሃ ጠርሙስ ላይ አስደግፎ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተ። ቤቴን እዩልኝ፣ እናቴን እዩልኝ። የእናቱን ንስሐ ለምግብ ቤት አሰማ። ደንግጦ ሊዘጋ ሲል የመናገሪያውን ምልክት ተጫነ፤ ጩኸቱ በካሜራው በኩል ሳሎን ገባ።

እማማ የተናዘዙት ይህን ነው፤ ሟቹ ባላቸው የማንኩሳውን መሬት የድንበር ድንጋይ ሁለት እርምጃ ገፍተውታል፣ ከላይ እስከ ታች። ጎረቤታቸው የነበረችው ባልቴት ከሰሰች። እማማ ሽማግሌ ፊት ቆመው ድንጋዩ አልተነካም ብለው ማሉ። ሽማግሌዎቹ መሐላውን አመኑ። ባልቴቷ ውሸታም ተብላ ሞተች። የባልቴቷ ልጅ ስማቸው ይባላል፤ እሱም በርበሬ ነጋዴ ነው። ምሳ ላይ አንሙት ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። ሳይበላ እጁን ታጥቦ ወጣ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

የባሌ የመጀመሪያ ጥያቄ ምን መሰለሽ? ቪዲዮው ይጠፋል ወይ። የት ነው የተቀመጠው አልኩት። ደመና ላይ ነው፣ ኢንተርኔት ውስጥ አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ! እናቱ በዚያ በር ጀርባ ተኝተው ያለቅሳሉ፤ እሱ ደመና ይፈልጋል። እስካሁን እስቅበት ነበር። ዛሬ ናቅሁት።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ስማቸው ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሰዎች፣ ጨዋ ጨዋ። ቅዳሜ ማንኩሳ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንገናኝ ይላል። እስካሁን እጁን እንደሰበሰበ፣ ወንድሞቹን ግን እስከ መቼ እንደሚይዛቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። ገብቶኛል። እኛ አገር በድንበር የፈሰሰ ደም ስንት ቤት ዘግቷል።

ለእማማ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አንሙት እንዳልናገር ለምኖኝ ነበር። ስማቸው ሽንዲ ምሳ ላይ ሆኖ ሰምቷል አልኳቸው። ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ። ከዚያ፦

"ምሳውን በልቶ ነበር?"

አልበላም አልኩ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ገበታ ያበሉት ልጅ ነው። እናቱን በመሐላ ገድዬ ልጇን ከማዕድ አስነሳሁ ይላሉ። አቅፌያቸው ተቀመጥኩ።

ሲረጋጉ ነገሩኝ። ያን ቀን አባ ይርጋ መሬቱን ሳትመልሺ ሥጋ ወደሙን አትቀርቢም ብለዋቸው ነበር። ጭንቃቸው በምን አፍ ልናገር ነበር። "ይኸው ተነገረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ቅዳሜ ሄጄ ድንጋዩን በእጄ እመልሳለሁ፤ ልጄ፣ አንቺ ብቻ ደግፊኝ" አሉ።

እሺ አልኳቸው። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

አንሙት መሬቱን አይመልስም። በዚያች ሁለት እርምጃ ላይ ለመቆረጥ የደረሰ ባሕር ዛፍ ቆሟል። ደግሞ የአባቱ ስም አለ። ደግሞ የእሱ ስም፣ ገበያ ላይ። ሁሉንም እያከታተለ ነገረኝ። የእናቱ ቁርባን ግን አልተጠራም።

መላ ዘይዷል። ቅዳሜ ሽማግሌ ፊት እናቱ አእምሯቸውን ስተዋል ይባላል። እርጅና ነው፣ ያልሆነውን ሆነ ይላሉ። ማስረጃ? በር መክፈት እንኳ አይችሉም። ግቢ ውስጥ ሁለት ሰዓት ጠፍተው ተገኝተዋል። ግድግዳ ሲናገር ይሰማሉ። ይህን ሁሉ ዓይኑን በዓይኔ ላይ ተክሎ ነው የሚዘረዝረው። ምስክሯ ደግሞ እኔ ነኝ። የተማርሽ ነሽ፣ መምህርት ነሽ፣ ያምኑሻል አለኝ።

እናትህን እብድ በያቸው ነው የምትለኝ? አልኩት። እብድ አላልኩም፣ ደክመዋል ነው ያልኩት አለ። ቃል ሲመርጥ ደግሞ!

አልመሰክርም፣ አብሬያቸው እሄዳለሁ አልኩ። ብትሄጂ አትመለሽም አለ። ጣትሽን ከበሩ ላይ አጠፋዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩበትን ቤት በአንድ ጣት ሊዘጋብኝ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ፈርቻለሁ፣ ደብተሬ። ለልጄ ምን እላታለሁ? የት አድራለሁ? ንቀት እንጀራ አይሆንም። ይህንንም አውቃለሁ።

እማማ ከክፍላቸው ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። ተይ ልጄ፣ እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ፣ አንቺ ትዳርሽን ያዢ አሉኝ። እግራቸው እስከ ግቢው በር እንኳ አያደርሳቸውም።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡30

ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ጎሕ ሳይቀድ ጀምሮ። ምንም አልቀመሱም። እኔም ለብሻለሁ። ባጃጅ ጠርቻለሁ። አንሙት ቀድሞን በሞተር ማንኩሳ ወርዷል። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ሊያግባባ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን!

የምናገረውን ትናንት አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ ነበር። አሁን ሳነበው የትምህርት ዕቅድ ይመስላል። ቀደድኩት። የምለው ሁለት ነገር ነው። እማማ ደብሬ ከሁላችንም ይልቅ ጤነኛ ናቸው። መሬቱ የስማቸው ነው።

ሦስተኛም አለኝ። ባሌ ዛሬ የሚነግራችሁ ሁሉ ውሸት ነው፣ እኔንም አብሬው እንድዋሽ ጠይቆኛል። ይኸኛው አፌ ላይ ከበደኝ። የልጄ አባት ነው። ሽማግሌዎቹ ከጠየቁኝ ብቻ እናገራለሁ፣ ካልጠየቁኝ እተወዋለሁ ብዬ አደርኩ።

ባጃጁ መጣ፤ ጥሩምባውን ይነፋል። እማማ ግድግዳውን ይዘው ብቻቸውን እየተነሱ ነው።

ባይጠይቁኝም እናገራለሁ።