ባህሩን የበረደው ሰኔ

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ሙቀት። ከጠዋት ጀምሮ አቧራ የሚያነሳ ነፋስ። ቤት የነበርነው እኔና ባሌ ባህሩ። ጎረቤታችን ሰኢዳ ወተት ይዛ መጥታ ጥቂት ተቀመጠች።

ልብስ አጠብኩ። የመጨረሻውን ሳሰጣ የመጀመሪያው ደርቆ ነበር። ምሳ ሽሮ። ባህሩ ሦስት ጉርሻ በላና ሳህኑን ገፋ። ከሰመራ ሆስፒታል ከተመለስን ዘጠኝ ቀን ሆነን።

በዚህ ወር እንደ አዋሽ ሰው ሁሉ አልጋችን ግቢ ነው። ከሰዓት በኋላ «ወደ ቤት መልሺኝ» አለ።

«ለምን?»

«ነፋሱ በረደኝ።»

ሳቅኩ። «ይሄ ከእቶን የሚወጣው ነፋስ ነው የበረደህ?»

አልሳቀም። ሰኢዳም አልሳቀችም። አልጋውን ከእሷ ጋር ተሸክመን አስገባን።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

ብርድ ልብስ ፍለጋ ሳጥኑን ገለበጥኩ። ሃያ ሁለት ዓመት አዋሽ ሰባት ኪሎ ኖረን ብርድ ልብስ ምን ያደርግልናል? ከታች አንድ ባና አገኘሁ፣ ወጣት ሆኖ ከመንዝ ሲመጣ ለብሶት የመጣው። ብል በልቶታል። ደረብኩለት። አሁንም ይንቀጠቀጣል። እግሩን ስዳብሰው ቀዝቃዛ ነው... ጣሪያው ቆርቆሮ፣ እኔ ላብ በላብ፣ የሱ እግር ቀዝቃዛ።

«አስሩ፣ እሳት አንድጂልኝ።»

«በሰኔ?»

«እናቴ ቤት ምድጃው መሀል ላይ ነበር። ዙሪያውን ነበር የምንተኛው።»

ሱቅ ሄጄ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አላችሁ ወይ አልኩ። ባለሱቁ «ቬንትሌተር ማለትሽ ነው እትዬ?» አለ። «የለም፣ የሚያሞቅ» አልኩ። ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱ «ከፈለግሽ ውጪ ቁሚ፣ በነፃ ነው» አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ምን ልበል?

ሰኔ 6፣ ሐሙስ

እዚህ እውነቱን መጻፍ እችላለሁ። ባህሩ ፊደል አያውቅም።

ሰመራ ላይ ሐኪሙ ለልጃችን ለታሪኩ ሲነግረው ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። ሁለቱም ኩላሊቶች... ደሙም አልቋል። «ቤቱ ይሁን። እንዳይርበው፣ እንዳይበርደው» አለ። ታሪኩ ወጣና «ይሻለዋል እማ» አለኝ። «እሺ» አልኩት። እኔ ደግሞ ገብቼ ባህሩን «ይሻልሃል» አልኩት። እሱም «እሺ» አለኝ። ሦስታችንም እያወቅን ይሆን?

የማይድነውን ማዳን የኔ አይደለም። እንዳይበርደው ማድረግ ግን የኔ ነው። ይቺን እችላለሁ።

ከሰል አይሆንም። በተዘጋ ቤት ከሰል ሰው ይገድላል፤ ሆቴል ወጥ ቤት ስሠራ አንዷን ባልደረባችንን ቀብረናል። ስለዚህ እንጨት። በሩን ገርበብ አድርጌ።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

መጥረቢያ ከሰኢዳ ተውሼ ወጣሁ። እንጨት ከለቀምኩ ስንት ዓመቴ? ከሐዲዱ ማዶ ያለው ሁሉ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም መጤ ዛፍ ነው፣ አፋሮቹ የደርግ ዛፍ የሚሉት። ማንም ቢቆርጠው የሚከለክል የለም፣ እንዲያውም ይመርቁሻል። ለምለም ለምለሙን ቆርጬ አንድ ሸክም ይዤ መጣሁ፤ ደስ ብሎኝ።

ቤቱን ጭስ ሞላው። ባህሩ እስኪያቅተው አሳለ። ሰኢዳ ሮጣ ገባችና ጉማጁን በእጇ አንስታ ወደ ውጪ ወረወረችው።

«ባልሽን ልታጥኚው ነው?» አለች። «እርጥብ እንጨት ታነድጃለሽ? ያ አላህ! እስከዛሬ እንዴት ኖርሽ?»

«በኤሌክትሪክ ምጣድ» አልኳት።

ከዚያ አስተማረችኝ። ቆሞ የሞተውን ፈልጊ አለች። ልጡ በጣት ሲነካ የሚረግፈውን። ቅርንጫፉን ስትሰብሪው ጧ ካለ ውሰጂ፣ ከተጣጠፈ ተይው። «ግራር ግን እንዳትነኪ። በሕይወት ያለ ግራር እዚህ ባለቤት አለው፣ እንደ ግመል።»

ሰኔ 9፣ እሑድ

የሰኢዳ ዓረፋ። እንኳን አደረሰሽ ብያት መጣሁ። ሥጋዋን እንደማንበላ ስለምታውቅ ብርቱካን ላከችልን።

ደረቅ እንጨት አገኘሁ። እሾሁ ጫማዬን በስቶ ተረከዜ ገባ። አብጧል። ባህሩ እንዳያይ ካልሲ አደረግኩ። በዚህ ሙቀት ካልሲ! አይቶ «አንቺም በረደሽ እንዴ?» አለ። ትንሽ አልኩት።

እሳቱ ዛሬ አልጨሰም። እጁን ዘርግቶ ሞቀ።

ሰኔ 11፣ ማክሰኞ

ታሪኩ ከገላፊ ደወለ። የጭነት መኪናውን ይዞ ከጅቡቲ ድንበር ወዲያ ቆሟል፣ የመሻገሪያ ወረፋ አልደረሰውም።

«አባ እንዴት ነው?»

«እሳት ይሞቃል።»

«እማ፣ እሱን ተይና አንቺ ትንሽ ዕረፊ» አለ። ከወረፋ ወጥቼ ልምጣ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም ና አላልኩትም። ቢጠይቀኝ ና እለው ነበር?

ሰኔ 12፣ ረቡዕ

ሚካኤል። ጥሩ ቀን።

ሦስት ጉማጅ ሙሉውን ጠዋት ነደደ። ባህሩ ደገፍ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱ መልክ አገኘ። «እስቲ አንብቢልኝ» አለ።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት እሱ ሐዲድ ሲጠግን በነበረበት ጊዜ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀድ እያመጣልኝ ነው። «ዛሬ ምን ይላል?» ይለኛል። ባለሱቁ ገጹን እየቀደደ ስለሚጠቀልል ወሬው ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ የተቀደደ ነው። እኔ መጨረሻውን ፈጥሬ አነብለት ነበር። ሌባው ይያዛል፣ የጠፋችው ልጅ ትገኛለች።

ዛሬ የመድኃኒት ቤቱን የጋዜጣ መጠቅለያ አነበብኩለት። ጎርፍ ስለወሰደው ድልድይ። እዚያ ላይ ተቀዷል። «ድልድዩን እንደገና ሠሩት» ብዬ ጨረስኩ።

«አንቺ ያነበብሽው ወሬ ሁሉ መጨረሻው ያምራል» አለ። እያየኝ ነበር። ያውቅ ነበር እንዴ... ይሄን ሁሉ ዓመት?

ሰኔ 14፣ ዓርብ

የደረቀውን ሁሉ ከሰል አክሳዮች ጠርገው ወስደውታል። አንድ ሰዓት ተጉዤ ያገኘሁት አንድ እቅፍ ብቻ። ተረከዜ መግል ይዟል። ባህሩ ሙሉ ቀን ተንቀጠቀጠ። ጥርሱ ሲጋጭ ከግቢ ይሰማል። ለነገ ጠዋት ሁለት ጉማጅ ቀርቶኛል።

ሰኔ 15፣ ቅዳሜ

ባህሩ ሞተ።

ሰኔ 18፣ ማክሰኞ

አሁን እጽፈዋለሁ። ካልጻፍኩት ነገ ሌላ መጨረሻ እፈጥርለታለሁ።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱን ጉማጅ አቀጣጠልኩ። ገመዱን ወገቤ ላይ ስጠመጥም ዓይኑን ከፈተ።

«ወዴት ነው?»

«እንጨት።»

«ዛሬ አትሂጂ።»

«ሁለት ጉማጅ ነው ያለው ባህሩ።»

«እሳቱ ይቅርብኝ። እዚህ ተቀመጪ።»

«ስትንቀጠቀጥ ቁጭ ብዬ ልይህ? ቶሎ እመለሳለሁ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የተቀየመ መስሎኝ ነበር። ሰኢዳ ወተቷን ልትሸጥ አውቶቡሶቹ ወደሚቆሙበት ወርዳለች። በሩን ገርበብ አድርጌ ሄድኩ።

ሐዲዱ ማዶ ምንም የለም። ወደ ወንዙ ገደል በኩል ወረድኩ። አንድ ትልቅ ግራር አየሁ፣ አንድም ቅጠል የለው። ልጡ ግራጫ። የሞተ መሰለኝ። ሰኢዳ በሕይወት ስላለ ግራር የነገረችኝን አስታውሼ ቅጠሉን ፈለግኩ፣ የለም፤ እንግዲህ ሞቷል አልኩ። ቅርንጫፉን ሰብሬ ልሞክረው ይገባ ነበር። ቸኮልኩ። ሦስት ጊዜ መታሁት። በሦስተኛው ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ታየኝ። ውሃ አወጣ።

ዝናብ ሲጠፋ ግራር ቅጠሉን ጥሎ ይጠብቃል እንጂ አይሞትም። እዚህ አገር የአምስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬ አላወቅኩም።

ሁለት የአፋር ጎልማሶች ከግመሎቻቸው ዘንድ መጡ። አልጮኹብኝም። መጥረቢያውን ተቀበሉኝ። «ቁጭ በይ። ሽማግሌ ይመጣል» አለ አንደኛው። ሌላ አማርኛ ያለው አልመሰለኝም። ደንባቸው ነው፤ ዛፍ ያቆሰለ ሽማግሌው እስኪፈርድ ዛፉ ሥር ይቀመጣል። ተቀመጥኩ።

ለምን አልተናገርኩም? ባሌ ታሟል ማለት ስንት ቃል ነው? «ታሟል» ብል፣ እጄን ወደ ቤት ብጠቁም ይገባቸው ነበር። አፈርኩ። ያጠፋሁ እኔ፣ የምለምን እኔ... አፌ አልከፈት አለ። ዕድሜዬን ሁሉ ዝም ማለት ጨዋነት መስሎኝ ነው የኖርኩት። ፀሐይዋ ከረረች። ጥላ እንኳ የሌለው ዛፍ ነው። አንደኛው ከኮዳው ውሃ ሰጠኝ።

ሽማግሌው ሁመድ ሲመጡ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። አማርኛ ይችላሉ፣ የጥጥ እርሻ ላይ ሠርተዋል። ቁስሉን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ለከሰል ነው?»

«አይደለም አባቴ። ባሌ በርዶት ነው።»

አንደኛው ጎልማሳ የገባው መሰለኝ፣ ፈገግ አለ። በሰኔ ጠራራ ፀሐይ ባሌ በርዶት ነው የምትል ሴት! ሽማግሌው ግን ዓይኔን አዩኝ።

«ብቻውን ነው?»

«አዎ።»

«እና እዚህ ምን ያስቀምጥሻል? ሂጂ! ሂጂ እንጂ!»

በታመመው እግሬ ሮጥኩ። አምስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሰኢዳ በራችን ላይ ቆማለች፣ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ። «ኢና ሊላሂ...» ብላ ጀመረች፣ ከዚያ አቀፈችኝ። አራት ሰዓት አካባቢ ስትመለስ ነው ያገኘችው። ፊቱ ወደ በሩ ነበር።

ስገባ ፍሙ ገና ቀይ ነበር። ሁለቱ ጉማጅ በቅተውት ነበር።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

ታሪኩ የመጣው ከቀብሩ ማግስት ነው። በዚህ ሙቀት ቀብር አይጠበቅም። ሰኢዳ ሁሉንም ነግራዋለች። ዛሬ ሽማግሌው ሁመድ ከሁለቱ ጎልማሶች ጋር ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ ታሪኩ ተነሳ።

«እናቴን ያቆያችኋት እናንተ ናችሁ!»

ሽማግሌው አልተቆጡም። «እኛ ነን» አሉ። «ዛፉ ይድናል። የሱን ካሳ ትተናል። የኛን በደል አንቺ ተይልን።»

«እነሱ አይደሉም ታሪኩ» አልኩ። «እኔ ነኝ የሄድኩት።» ሰው ፊት እንዲህ ጮክ ብዬ መናገሬን አላስታውስም።

ይቅር አልኳቸው። ምን አድርገውኝ ነው ግን? ይቅር የሚለኝ ሰው ሌላ ነው።

ሰኔ 21፣ ዓርብ

ሰባቱ። ድንኳኑ ፈረሰ፣ ወንበሮቹ ለዕድሩ ተመለሱ።

ታሪኩ ሰመራ ስለተከራያት ክፍል ይነግረኛል። «እዚያ ከኔ ጋር ትሆኛለሽ እማ። እዚህ ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ?» አስብበታለሁ አልኩት። ማሰብ አልቻልኩም። አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው። በመካከል ነቅቶ «አስሩ» ብሎ ጠርቶ ይሆን? ስንት ጊዜ? ሰኢዳ «ተኝቶ ነው የሄደው፣ ወላሂ» ትለኛለች። እሷም መጨረሻውን እያሳመረችልኝ ይሆናል።

ሰኔ 22፣ ቅዳሜ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ተረከዜን በጨው ውሃ አጥቤ በንጹሕ ጨርቅ አሰርኩ። ታሪኩ ግቢ ተኝቷል፣ አልቀሰቀስኩትም። ባናውን አራግፌ አልጋው ላይ አነጠፍኩ። እሳት አላነደድኩም። በርጩማውን አምጥቼ ከራስጌው በኩል አስቀመጥኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ያን ቅዳሜ በወጣሁበት ሰዓት፣ ተቀመጥኩ።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰኢዳ ወተት ይዛ መጣች። በር ላይ ቆማ አየችኝና ወተቱን አስቀምጣ ሄደች። ሦስት ሰዓት ላይ ታሪኩ ገባ። «እማ፣ ቁርስ ሠራሁ» አለ። «ቆይ» አልኩት። «ምን እየሠራሽ ነው?» አለ። «ተቀምጫለሁ» አልኩት። አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ወጣ። ቆርቆሮው መንጣጣት ጀመረ። ላቤ ወረደ፣ አልጠረግኩትም። አልተነሳሁም።

አምስት ሰዓት ላይ ተነሳሁ።