አንድ እሑድ ቁጭ ያሉት ሰው፦ የአቶ ማሙሸት ዘውገ የሕይወት ታሪክ (1950–2017 ዓ.ም.)

አቶ ማሙሸት ዘውገ ከአባታቸው ከአቶ ዘውገ ገብሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ወልዴ በታኅሣሥ ወር 1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ፣ ጎጃም በረንዳ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ከቸሃ መጥተው እህል በረንዳ ጤፍና ስንዴ በጆንያ የሚነግዱ፣ ደንበኛ ቢዘገይ የማይከፉ፣ ዋጋ ቢወርድ የማይደነግጡ ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ። ያ ትዕግሥት ግን ልጃቸው ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል። እናታቸው በሕይወት ሳሉ «ይሄ ልጅ ታዝሎም ሲራገጥ ነው ያደገው፤ እኔን እንደ ፈረስ ነበር የሚኮለኩለኝ» ይሉ ነበር።

ለትምህርት ሲደርሱ በአካባቢያቸው በሚገኝ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ዘጠነኛ ክፍል ተምረዋል። መምህሮቻቸው ጭንቅላታቸውን እያመሰገኑ እግራቸውን ያማርሩ ነበር። ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ይናገራሉ፤ መልሱን ሳይጨርሱ በመስኮት ያያሉ። አንድ ቀን አባታቸው ለቅሶ በሄዱበት የመደብሩን ሚዛን ብሎን በብሎን ፈትተው መልሰው ገጠሙት። ሚዛኑ ሠራ፤ አንድ ብሎን ግን ተረፈ። አቶ ዘውገ በኩርኩም ከቀጧቸው በኋላ ዞር ብለው ሳቁ፤ ይህ ልጅ ለእህል ንግድ እንዳልተፈጠረም ያን ዕለት ተረዱ።

በ1967 ዓ.ም. ሙሴ ብሩኖ በሚባሉ ኢጣሊያዊ ጋራዥ ተቀጥረው ሙያውን ተማሩ። ሞተሩንም ፍሬኑንም ሞካክረው በመጨረሻ ልባቸው የወደደው ሞላ ነበር። የመኪናን ጀርባ ተሸክሞ ጉድጓዱን ሁሉ ስለሚችለው ስለዚያ ጠመዝማዛ ብረት ሲያወሩ ስለ ጎረቤት የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። «ሞላ ሲደክም አይጮህም፤ ዝቅ ይላል እንጂ። ባለቤቱ ነው የሚጮኸው» ይሉ ነበር። በ1976 ዓ.ም. ሶማሌ ተራ የራሳቸውን ጋራዥ ከፍተው እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያው ሠርተዋል።

አቶ ማሙሸት በሥራቸው የተመሰገኑ፣ በጥድፊያቸው የታወቁ ነበሩ። ሻይ የሚጠጡት ቆመው ነው። ዕድር ላይ አጀንዳው ሳይነበብ እጃቸውን ያወጣሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ሊመክራቸው የሞከረ ሰው ቢኖር «እሱ እስኪሄድ እኔ ደርሼ እመለሳለሁ» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር አንድ ክፉ ልማድም ነበራቸው። ሌላ ሰው ብሎን ሲፈታ ማየት አይችሉም። «ቆይ፣ ቆይ፣ አምጣው!» ብለው ቁልፉን ከእጁ ይነጥቁታል። በዚያ ጋራዥ የጀመረውን ሥራ ራሱ የጨረሰ ሠራተኛ የለም ብንል ማጋነን አይሆንም።

በ1979 ዓ.ም. አትክልት ተራ ሽንኩርትና ድንች በጅምላ ያከፋፍሉ ከነበሩት ከወይዘሮ ባይነሽ ዱባለ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጸሙ። በሠርጋቸው ዕለትም ከሙሽራ ወንበራቸው ተነስተው እንግዳ ማስተናገድ ስለጀመሩ ሚዜዎቻቸው ጎትተው አስቀምጠዋቸዋል። ከዚህም ጋብቻ አቶ ቅዱስንና ወይዘሪት ጸሎትን አፍርተዋል።

በ1998 ዓ.ም. አንዲት ቀይ ባለ ሁለት በር ሴሊካ ገዙ። መኪናዋ እንደ ባለቤቷ መሮጥ የምትወድ ነበረች። እሑድ እሑድ ማለዳ መንገዱ ሳይሞላ ወደ ደብረ ዘይት ይዘዋት ይወጣሉ፤ ወይዘሮ ባይነሽ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ እርሳቸው ደርሰው ይመለሳሉ። ዓመታት ሲያልፉ የኋላ ሞላዎቿ ደከሙ። ጭራዋ ዝቅ አለ፤ ጉብታ ባለፈች ቁጥር ከሥር ትጋጫለች። የሰው መኪና ሞላ ሲቀይሩ የኖሩት አቶ ማሙሸት ለራሳቸው ጊዜ አጡና በሞላው ጥምዞች መሐል የተቆረጠ ጎማ ሸጉጠው መንዳት ቀጠሉ። ይህን የመርካቶ ዘዴ ደንበኛ አድርጎት ቢመጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ይቆጡት ነበር።

ሙያቸውን የወረሰችው ጸሎት ናት። በአውቶሞቲቭ ተመርቃ ከአባቷ ጋር መሥራት ጀመረች። ሁለቱ ሲስማሙ ጋራዡ ይደምቅ ነበር። ነገር ግን ልማድ አይለቅምና፣ በ2013 ዓ.ም. ጸሎት ደንበኛ ፊት ፍሪሲዮን እየገጠመች ሳለ አባቷ እንደ ወትሮው ቁልፉን ከእጇ ነጠቁ። እሷም ቱታዋን አውልቃ ሚስማር ላይ ሰቅላ ወጣች። ቃሊቲ አንድ ጋራዥ ተቀጠረች። ከዚያ በኋላ የምትመጣው ለበዓል ብቻ ነበር፤ ስትመጣም ስለ መኪና አይነሣም። አቶ ማሙሸት ቂም አያውቁም፣ ይቅርታ መጠየቅም አያውቁም። ቀን ቀን ይጣደፋሉ፣ ማታ ማታ ወይዘሮ ባይነሽን «ደወለች?» ይላሉ። ልጃቸው ናፍቃቸው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ልባቸውን ታመሙ። ሐኪም ከባድ ነገር እንዳያነሱ፣ እንዳይንበረከኩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዲያርፉ አዘዛቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትእዛዞች እንደምንም ቻሏቸው፤ ሦስተኛው ግን ከበሽታው ባሰባቸው። ከሳሎን ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ደጅ ሲመላለሱ ውለው አንድ ቀን «የሴሊካዋን ሞላ ልቀይር ነው» ብለው ተነሱ። ወይዘሮ ባይነሽ የመኪናዋን ቁልፍ ደብቀው ወደ ቃሊቲ ደወሉ።

ጸሎት የመጣችው ለ2017 መስቀል ነው። በቸሃ ሰው ቤት ቂም ተይዞ መስቀል አይዋልምና፣ ለሽምግልና የጋራዡ ጎረቤትና የአቶ ማሙሸት የዕድሜ ልክ ጓደኛ፣ የመለዋወጫ ነጋዴው አቶ ጠሀ ተጠሩ። አቶ ጠሀ አዲሱን ሞላ አፈላልገው ጥንዱን ሳይነጥሉ ይዘው መጥተዋል። ጥንድ ዕቃ ለሁለት ደንበኛ ከፍሎ መሸጥ በለመደ ገበያ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። ጸሎትም ሽማግሌው ፊት እንዲህ አለች፦

«ሞላውን እኔ እቀይረዋለሁ። አባዬ ግን አንዲት ዳዶ አይነካም። ከወንበሩ ከተነሳ ወይ እንዲህ አድርጊ ካለኝ ጥዬ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ለመስቀልም አትጠብቁኝ። ዋስ ይጥራ!»

«አባት ለልጁ ዋስ ሲጠራ የት አገር ነው የታየው?» አሉ አቶ ማሙሸት።

«መርካቶ ያለ ዋስ መርፌ አይሰጥም» አሉ አቶ ጠሀ። «ዋሱ እኔ ነኝ። በቃ፣ ጨርሰናል።»

ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሳለ ጋራዡ ተከፈተ። አቶ ማሙሸት ደጃፉ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ዋሳቸው አጠገባቸው ሆነው ክንዳቸውን በክንዳቸው ቆለፉ። ጸሎት መኪናዋን በክሪክ አንስታ፣ ድጋፍ አስገብታ፣ ጎማውን ፈትታ የመጀመሪያውን ሞላ ቀየረች። አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ተቁነጠነጡ፣ እግራቸውን አወዛወዙ፤ ግን አልተነሱም።

ሁለተኛው ላይ ነገሩ ተበላሸ። ጸሎት አዲሱን ሞላ አስገብታ ስትገጥም የታችኛው ጫፉ ከመቀመጫው ሳይገባ ጣት ያህል ወደ ጎን ቀረ፤ እሷ አላየችውም። እንዲህ የተገጠመ ሞላ ለጊዜው ቆሞ ይሄዳል። ፈጣን መኪና ላይ ግን መታጠፊያ ሲመጣ ከቦታው ይዘልና ጭራዋን ወደ ጎን ይወረውረዋል። ሥራው እንዳለቀ መኪናዋን ይዛ የምትወጣው ደግሞ ጸሎት ራሷ ናት። አቶ ማሙሸት ከተቀመጡበት አዩት። ቢነሱ ወይ ቢናገሩ ልጃቸው ትሄዳለች፤ ዝም ቢሉም ልጃቸው ናት የምትነዳው።

ቀሪውን አቶ ጠሀ እንዲህ ይመሰክራሉ፦ «ክንዴን ሲጨብጠኝ ደሜ ቀጥ ያለ መሰለኝ። ‹ምን ሆነሃል አንተ?› ስለው ‹ዝም በል፤ ካላየችው መንገድ ላይ እተኛለሁ እንጂ አትወጣም፤ ግን ታየዋለች› አለኝ። ላብ ችፍ ብሎበታል። አንዴ ከወገቡ ብድግ አለ፤ ልይዘው ስል ራሱ ተመልሶ ቁጭ አለ። እኔ ይህን ሰው አርባ ዓመት አውቀዋለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ሲሠራ አይቼው አላውቅም።»

ጸሎት ሁሉን አጥብቃ ወደ ኋላ ሄደች። ተመልሳ መጣች። እጇን በሞላው ዙሪያ አዞረች፤ ከታች ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ያጠበቀችውን ሁሉ ፈታችው፣ ሞላውን አዙራ ከቦታው አስገባችው፣ እንደገና ገጠመች። መኪናዋንም አውርዳ ክብደቷ በጎማዎቿ ላይ ካረፈ በኋላ የመጨረሻውን ማጥበቅ ጀመረች። አቶ ማሙሸት ዕድሜ ልካቸውን ይህን የሚያደርጉት መኪናው እንደተንጠለጠለ፣ በችኮላ ነበር። ጸሎት የመጨረሻዋ ብሎን ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አባቷን አየች። ምናልባት አሳዝነዋት ይሆናል፤ ቁልፉን ዘረጋችላቸው።

«አባዬ፣ ይቺን አንተ ትጨርሳታለህ?»

አቶ ማሙሸት እጃቸውን አልዘረጉም። «አንቺ ጨርሺው። የጀመርሽው አንቺ ነሽ» አሉ።

ከዚያም ጸሎት ነዳች፤ አባቷ ከጎኗ ተቀመጡ። በዚያች መኪና በተሳፋሪ ወንበር ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነበር። እግራቸው የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ውሎ፣ እጃቸው የሌለ ማርሽ ሲፈልግ ውሎ፣ ጉብታውን ሁሉ ያለ አንዳች ድምፅ አልፈው ተመለሱ። በጥቅምት ወር ጸሎት ቃሊቲን ለቅቃ ወደ ሶማሌ ተራ መጣች።

አቶ ማሙሸት በልብ ሕመማቸው ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ከቆዩ በኋላ በግንቦት ወር ሕመሙ ጸንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ። በዚያም አልጋውን አላመኑትም፤ የጎኑን ማንሻ ፈትተው ለማየት ሲሞክሩ በነርስ ተይዘዋል። የድሮ ደንበኛቸው አቶ ሶሬሳ ሊጠይቋቸው ሄደው፣ እግረ መንገዳቸውን መኪናቸው ወደ ግራ እየጎተተ እንዳስቸገራቸው ነገሯቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከአልጋ ወርደው ጫማ ይፈልጉ ነበር። ያን ዕለት ግን «ጸሎትን ጠይቃት» ብለው ጋደም አሉ። በማግስቱ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አቶ ማሙሸት ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ባይነሽ ዱባለ ጋር ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር የኖሩ ሲሆን፣ የሁለት ልጆች አባትና የአንዲት ልጅ፣ የሶፊ፣ አያት ነበሩ። ጋራዡ ከሠልስታቸው ማግስት ጀምሮ ክፍት ይሆናል፤ የምትመራው ጸሎት ናት።

አቶ ጠሀ የዚያን እሑድ ነገር እስከ ትናንት ለማንም አልተናገሩም ነበር። ዋስ ምስጢር ያወጣል ወይ ይላሉ። ጸሎት አባቷ ስህተቷን አይተው እንደነበር የሰማችው ትናንት፣ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነው። «አይቶ ዝም አለ? አባዬ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀች። አቶ ጠሀም «እንዳትሄጂበት ነዋ፣ ልጄ» አሏት። ጸሎት ያለቀሰችው ያኔ ነው።

አቶ ማሙሸት ወደሄዱበት አገር የሚደክም፣ የሚላላ፣ የሚሰበር ነገር የለም ይባላል። እንግዲህ እዚያ እንዴት እንደሚውሉ የሚያውቀው የፈጠራቸው ብቻ ነው። እርሱ ከጎኑ ያስቀምጣቸው፤ ቁጭ ብለው የሚያዩት መልካም ነገርም አያሳጣቸው። ለወይዘሮ ባይነሽ፣ ለቅዱስ፣ ለጸሎትና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።